ጥደው አይሂዱ፦ ሌዘር ማሽን ላይ እሳት እንዳይነሣ

ሌዘር ማሽን የሚቆርጠው በማቃጠል ነው። መጋዝ ይፍቃል፣ መቀስ ይሸርፋል፤ ሌዘር ግን በዓይን የማይታይ ጨረር በሌንስ አጥብቦ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፍና እንጨቱን ወደ ከሰልና ጭስ፣ አክሪሊኩን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ስለዚህ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ለእሳት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ሳጥን ውስጥ ተሰናድቶ ይጠብቃል፦ ሙቀቱ አለ፣ የሚነደው ነገር አለ፣ አየሩም በፓምፕ እየተነፋ ይገባል። ትንሽ ነበልባል ብልጭ ብላ ብትጠፋ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መከራው የሚመጣው ብልጭ ያለችው ሳትጠፋ ስትቀርና ያን ጊዜ በአጠገቧ ሰው ሲታጣ ነው።

ይህን የምጽፈው የሠርግ ካርድ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ዋንጫና የማስታወቂያ ፊደል ለሚቆርጡ ትንንሽ ወርክሾፖች ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከ40 እስከ 130 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቱቦ ያለው ማሽን ተክለው ለሚሠሩ። ብረት የሚቆርጡት ትልልቆቹ የፋይበር ሌዘሮች የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው እዚህ አልገባባቸውም።

ሌላውን ሁሉ ቢረሱ አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ማሽኑ እየቆረጠ ከክፍሉ አይውጡ። ቡና የሚያፈላ ሰው ጀበናውን ጥዶ ጎረቤት አይሄድም፤ ቢሄድም ሲመለስ ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶት ያገኘዋል። ሌዘር ሲገነፍል ግን እሳቱን አያጠፋም። እኔ ይህን የተማርኩት በ3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ነው። የሃያ ደቂቃ ሥራ አስጀምሬ ስልክ ላናግር በረንዳ ወጣሁ። ስመለስ የማሽኑ ራስ ምንም እንዳልተፈጠረ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሥራውን ቀጥሏል፤ ከኋላው ተቆርጦ የወደቀ ቁራጭ እየነደደ የክዳኑን መስኮት በጥላሸት ቀብቶታል። ማሽኑ ከታዘዘው መስመር በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ካሜራ ሰቅለው ከሌላ ክፍል በስልክ የሚያዩም አሉ፤ ካሜራው እሳቱን ያሳይዎታል እንጂ አያጠፋልዎትም። ሽንት ቤት መሄድ ካለብዎ ማቆሚያውን ይጫኑ፣ ሲመለሱ ይቀጥሉ።

ክፍሉን ሲያሰናዱ

ማሽኑን ከግድግዳ ጋር አያጣብቁት። ከኋላ ገብተው የጭስ ቱቦውንና ገመዶቹን የሚያዩበት ክፍተት ይተዉ። እርስዎ ከሚቆሙበት እስከ በሩ ያለው መንገድ ክፍት ይሁን፤ ለመውጣት በማሽኑ አጠገብ ማለፍ ግድ የሚሆንብዎ ከሆነ ማሽኑን ያዙሩት። የእሳት ማጥፊያውም ቦታ በሩ አጠገብ ነው። ማሽኑ ላይ ወይም ከማሽኑ በስተጀርባ የተሰቀለ ማጥፊያ፣ በሚፈለግበት ሰዓት ከነበልባሉ ወዲያ ማዶ ሆኖ ይገኛል።

ክፍል ሲጠብ የኮምፔንሳቶና የአክሪሊክ ክምችቱን ማሽኑ ሥር መደርደር የተለመደ ነው። ኪራይ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያ ማለት ማገዶውን ምድጃው ሥር ማከማቸት ነው። ክምችቱ ወደ ሌላ ግድግዳ ይሂድ። ተነር፣ ስፕሬይ ቀለም፣ ማስቲሽና ለጄኔሬተር የተቀመጠ ቤንዚን ደግሞ ጭራሽ ከክፍሉ ይውጡ።

ጭስ መሳቢያው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ከኮምፔንሳቶና ከኤምዲኤፍ የሚወጣው ጭስ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ቅጥራን ሆኖ ይለጠፋል። ጥቂት ወር ከሠሩ በኋላ ቱቦውን ነቅለው በጣትዎ ቢነኩት ያጣብቃል። አንዲት ፍም በማራገቢያው ተስባ እዚያ ላይ ካረፈች እሳቱ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል፤ ከክፍልዎ ወጥቶም የጎረቤትን ሸራ ያገኛል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ ራሱ ይነዳል። በላሜራ ያሠሩት፤ መታጠፊያውም ይነስ፣ ምክንያቱም ቅጥራኑ የሚጠራቀመው በየመታጠፊያው ነው። ዘወትር እንጨት የሚቆርጡ ከሆነ በየወሩ ከፍተው ይዩት፤ የማራገቢያውንም ክንፍ አብረው ይጥረጉ።

መብራቱ

በሌዘር ወርክሾፕ የሚነሣ እሳት ሁሉ ከጨረሩ አይመጣም። ማሽኑ፣ ቺለሩ (ቱቦውን በውሃ የሚያቀዘቅዘው)፣ ኮምፕሬሰሩና ጭስ መሳቢያው በአንድ ኤክስቴንሽን ተሰክተው ካገኘሁ መጀመሪያ የምነካው ኤክስቴንሽኑን ነው፤ ብዙ ጊዜም ሞቆ ይገኛል። ለማሽኑ ብቻውን ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ያስዘርጉ። የኧርዝ ሽቦውም በትክክል መሬት የገባ ይሁን። ሦስት እግር ያለው ሶኬት መኖሩ ብቻ ከኋላው ኧርዝ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ኤሌክትሪሺያን ይለካልዎት።

ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። የሌዘሩን ቱቦ የሚያበራው የኃይል ሳጥን (ፓወር ሰፕላይ) 220 ቮልቱን ተቀብሎ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቮልቴጅ ደካማ መጋጠሚያ ካገኘ በአየር ላይ ዘልሎ በአቅራቢያው ያለውን ብረት ይመታል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠች አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙ ያንሳል። ቆላ ላይ ያልዘለለው ብልጭታ እዚህ ሊዘል ይችላል። ከማሽኑ ጀርባ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም መብራት አጥፍተው ሲያዩ በቱቦው ጫፍ በኩል ሐምራዊ ብልጭታ ካዩ ያን ቀን ሥራ የለም። ክዳኑን ከፍተው በእጅ መነካካትም አይሞከርም፤ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኃይል አምቆ ይቆያልና ለባለሙያ ይተዉት።

መብራት በድንገት ሲጠፋስ? ጨረሩ ይቆማል፣ ስለዚህ ሰው «ተገላገልን» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ነገር ግን አብረው የቆሙት እሳቱን ይዘውት የነበሩት ናቸው፤ የአየር ግፊቱም ጭስ መሳቢያውም ጠፍተዋል፣ ነበልባል ከነበረ ነበልባሉ አልጠፋም። መብራት በጠፋ ቅጽበት የስልክዎን ባትሪ አብርተው የሚቆረጠውን ነገር ላዩንም ሥሩንም ይዩ። ቀጥሎ የማሽኑን ማብሪያ ያጥፉ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ይጠብቁ፤ ከዚያ በቅደም ተከተል ውሃውን፣ ጭስ መሳቢያውን፣ አየሩን፣ በመጨረሻም ሌዘሩን ያስነሡ። አንዳንዱ መቆጣጠሪያ ካቆመበት ልቀጥል ብሎ ይጠይቃል። መስመሩ ተሳስቶ የተቆረጠው ላይ ደግሞ የሚቆርጥበት ጊዜ ስላለ፣ የማሽኑ ራስ በትክክል መቀመጡን ሳያዩ እሺ አይበሉት።

ምን ሊቆርጡ ነው?

ደንበኛ ዕቃውን ይዞ ይመጣና «ይቺን ብቻ ቁረጥልኝ» ይላል። ያላወቁትን ነገር አይቁረጡ። ይህ ደንብ ገንዘብ ያስቀራል፣ ደንበኛም ያስቀይማል፤ ያም ሆኖ አይቁረጡ።

ከአክሪሊክ እንጀምር፤ የሁላችን እንጀራ እሱ ነውና። አክሪሊክ በጨረር ሲመታ ወደ ተሠራበት ፈሳሽ ትነት ይመለሳል። ያ ፈሳሽ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጥ ነው። ከማሽንዎ የሚሸተው ጣፋጭም መራራም የሚመስል ሽታ ማለት የነዳጅ ሽታ ነው ብለው ቢያስቡ አይሳሳቱም። የአክሪሊክ ነበልባል እንደ እንጨት ጥቁር ጭስ አያበዛም፤ ዝም ብሎ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ እንደ ሻማ ይነዳል፣ እየቀለጠም እየተንጠባጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ጭስ ሲያይ የሚጮህ መሣሪያ ለዚህ ነበልባል ቶሎ አይደርስለትም።

እዚህ ላይ የሙያችን አንድ ምስጢር አለ። የአክሪሊኩ ጠርዝ እንደ መስታወት እንዲያብረቀርቅ የሚፈልግ ቆራጭ የአየር ግፊቱን ይቀንሳል። አየሩ ሲቀንስ ጠርዙ በሙቀቱ ይለሰልሳል፣ ያምራልም። አየሩ ሲቀንስ ግን ነበልባሉን የሚያጠፋው ነገርም አብሮ ይቀንሳል። ግፊቱን ዝቅ ያድርጉ ግን ጨርሰው አይዝጉ፤ ጭስ መሳቢያው በሙሉ አቅሙ ይሥራ፤ ዓይንዎም ከዚያች ነጥብ አይራቅ። አክሪሊኩን የማር እንጀራ በሚመስለው ወንፊት ላይ በቀጥታ ከማስተኛት ይልቅ በስለት ብረቶች ወይም በአጫጭር ብረት ማረፊያዎች ከፍ ያድርጉት። ትነቱ በወንፊቱ ቀዳዳ ውስጥ አይጠራቀምም፣ ጨረሩም ከብረቱ ነጥሮ የታችኛውን ፊት አያቃጥልም።

ኮምፔንሳቶ ሌላ ጠባይ አለው። ሦስቱን ወይም አምስቱን ገጽ የሚያጣብቀው ሙጫ በየቦታው እኩል አይደለም፤ ሙጫው የበዛበት ቦታ አይቆረጥም። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ፍጥነቱን እንቀንሳለን። ፍጥነት ሲቀንስ ጨረሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆያል፣ የሚቆይበት ቦታ ከሰል ይሆናል፣ ከሰል ደግሞ ለመቀጣጠል ከእንጨት የባሰ ዝግጁ ነው። በአንድ ዝግተኛ ዙር ከመቁረጥ በሁለት ፈጣን ዙር መቁረጥ ይሻላል። በሁለት ዙር ካልተቆረጠ ሦስተኛና አራተኛ ዙር አይጨምሩበት፤ ሌንሱ ቆሽሿል፣ ፎከሱ ወጥቷል ወይም እንጨቱ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አቁመው ምክንያቱን ይፈልጉ።

ኤምዲኤፍ ላዩ ጸጥ ብሎ ውስጡ የሚግም ነው። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነው ጠዋት ፍሙን እንደሚያገኙት፣ ኤምዲኤፍም ፍሙን በራሱ ዱቄት ዳፍኖ ይዞ ይቆያል። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ካርቶን፣ በተለይ በሁለት ወረቀት መካከል የሞገድ ቅርጽ ያለው የዕቃ ማሸጊያ፣ ከሁሉም ቶሎ ይቀጣጠላል። ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው ጭስ ማውጫ ናቸው፤ አየር ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ካርቶን ሲቆርጡ ኃይሉ ዝቅ፣ ፍጥነቱ ከፍ፣ አየሩ ሙሉ ይሁን።

አሁን ወደማይቆረጡት ልለፍ። ለሠርግና ለልደት መድረክ ፊደል የሚሠራበት ነጭ ፎም ይቀልጣል፣ ይነዳልም፤ እሱ የሚቆረጠው በጋለ ሽቦ ነው። አሉኮቦንድ ፊቱ አሉሚኒየም በመሆኑ ጨረሩን መልሶ ይወረውረዋል፤ ወደ ራውተር ይላኩት። ፒቪሲ ቦርድና ቪኒል ስቲከር ሲቃጠሉ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይሰጣሉ፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሐዲዱንና ብሎኑን ሁሉ ያዝጋል። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያታልለናል፤ ጃኬቱም ቦርሳውም «ሌዘር» ነው፣ ማሽኑም ሌዘር ነው፤ «ሌዘር ነው» ተብሎ የሚመጣው ቆዳ መሳይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የተቀባ ጨርቅ ነው። ከተጠራጠሩ እንዲህ ይፈትኑት፦ ከክፍሉ ውጭ፣ በጋዝ ነበልባል ላይ የመዳብ ሽቦ ቀልቶ እስኪግል ያሙቁ፤ በጋለው ሽቦ ዕቃውን ነክተው ጥቂት ይቅለጥበት፤ ሽቦውን ወደ ነበልባሉ ይመልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልሱ።

ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ እሳት

እሳት የሚለኮሰው ማሽኑ ላይ ቢሆንም አንዳንዴ የሚጠነሰሰው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ከኮረልድሮው ወይም ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል ውስጥ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ተደርቦ ይገኛል። በስክሪን ሲያዩት አንድ ነው፤ ማሽኑ ግን ሁለቴ፣ ሦስቴ ይቆርጠዋል። ሁለተኛው ዙር ለአንድ ዙር በታሰበው ዝግተኛ ፍጥነት በተቃጠለ ጠርዝ ላይ ስለሚሄድ እዚያው ይለኩሰዋል። ላይትበርንም ሆነ አርዲወርክስ የተደራረቡ መስመሮችን የሚያጠፋ ትእዛዝ አላቸው። ከሌላ ሰው የመጣን ፋይል ሁሉ መጀመሪያ በዚያ ያሳልፉት።

ሌላው የተጠጋጋ ጌጥ ነው። የላሊበላን መስቀል ወይም የብራና መጻሕፍትን ሐረግ በትንሽ ቁልፍ መያዣ ላይ ለማውጣት ስንፈልግ፣ መስመሮቹ ተቃቅፈው አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ይከማቻል፣ ማቀዝቀዣ ጊዜም የለም። ቁራጮቹን በተራ ሳይሆን በመዘዋወር እንዲቆርጥ አድርገው ያሰልፉት፦ አንዱን ከዚህ ጥግ፣ ቀጣዩን ከዚያኛው ጥግ። ምን ጊዜም ከውስጥ ያለው ቀዳዳ ቀድሞ፣ ዙሪያው በመጨረሻ ይቆረጥ።

ማዕዘንም አይርሱ። የማሽኑ ራስ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ለመታጠፍ ይዘገያል። መቆጣጠሪያው ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚባሉ ሁለት የኃይል መጠኖችን የሚጠይቅዎት ለዚህ ነው፤ ዝቅተኛው በመዘግየት ጊዜ የሚሠራ ነው። ሁለቱንም እኩል ካደረጓቸው ማዕዘኑ ሁሉ ጠቁሮ ያገኙታል፤ የጠቆረበት ቦታም የእሳት መነሻ ነው።

ለየዕቃው ያገኙትን ፍጥነትና ኃይል በደብተር ይጻፉ፦ ዕቃው፣ ውፍረቱ፣ የገዙበት ሱቅ። አዲስ ጭነት ሲመጣ በአንድ ብር ሳንቲም መጠን ቆርጠው ይሞክሩ እንጂ ሙሉውን ሉህ አይጀምሩ።

ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት

ሌንሱ በጥላሸት ከተሸፈነ ጨረሩን ራሱ ይውጠዋል፤ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ የሚቀረውም ጨረር ተበትኖ ሳይቆርጥ ያቃጥላል። በየጠዋቱ አውጥተው ይዩት። የሚጠርጉት በንጹሕ አልኮል በተነከረ ጥጥ ነው፤ አልኮሉም ነዳጅ ስለሆነ ሌንሱ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ጠርሙሱንና ጥጡን ከማሽኑ ክዳን ላይ ያንሱ። መጥረጊያ ጥጥ ማሽኑ ውስጥ ተረስቶ ሲቆረጥበት አይቻለሁ።

ፎከሱን በየዕቃው ውፍረት ይለኩ። የተጣመመ ኮምፔንሳቶ መሐሉ ከፍ ብሎ ጫፉ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ቦታ ፎከስ ያደረጉት ሌላ ቦታ አይሠራም፣ የማሽኑ ራስም ከፍ ያለው ጋ ሊጋጭ ይችላል። ራስ ተጋጭቶ ቆሞ ጨረሩ ካልቆመ ደግሞ ያቺ አንድ ነጥብ ወዲያው ትነዳለች። ጠርዞቹን በማግኔት ወይም በፒን ይያዙ፤ ማግኔቱ የማሽኑ ራስ በሚሄድበት መንገድ ላይ አለመሆኑን ሌዘሩ ሳይበራ ዙሪያውን አስሂደው ያረጋግጡ።

አየሩን በእጅዎ ይፈትሹ። ሌዘሩ ጠፍቶ እጅዎን ከአፍንጫው ሥር ቢያደርጉ ግፊቱ ሊሰማዎ ይገባል። ኮምፕሬሰሩ የሚያጠራቅመውን ውሃ በየቀኑ ያፍስሱ፤ ውሃ ወይም ዘይት ያለው አየር ሌንስ ያበላሻል።

ከዚያ ወደ ሥሩ ይውረዱ። ከወንፊቱ በታች ያለው ትሪ የየቀኑ ቁርጥራጭ፣ የቀለጠ አክሪሊክና የከሰል ዱቄት ማጠራቀሚያ ነው። ከላይ የሚወድቅ ፍም ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። በየቀኑ ያራግፉት፤ ሥራ በበዛ ቀን ሁለት ጊዜ። ወንፊቱ ሲያጣብቅ በሙቅ ውሃና ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና አጥበው አድርቀው ይመልሱት።

ክፍት የሆነና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የዳዮድ ሌዘር ያላችሁም አላችሁ። ያ ማሽን ሥሩ ወለል የለውም፣ ጠረጴዛውን ይበሳል። ሥሩ ላሜራ ያንጥፉ፣ ሰማያዊውን ጨረር የሚከለክል መነጽር ያድርጉ፤ ክዳን ቢሠሩለት ይበልጥ ይሻላል።

ሲቆርጥ ምን ላይ ይመልከቱ?

ደህና ሥራ ሲሄድ ጨረሩ የሚነካው ነጥብ ላይ ትንሽ ብሩህ ብልጭታ አለ፤ የማሽኑ ራስ ሲሄድ አብራው ትሄዳለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ነበልባሉ ከማሽኑ ራስ ጋር ይሄዳል ወይስ ወደኋላ ይቀራል? ብጫ ነበልባል የማሽኑ ራስ ካለፈበት ቦታ ቀርቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው እስኪቆጥሩ ካልጠፋ ያቁሙት። አራት አይቁጠሩ። ብሩህዋን ነጥብ አፍጥጦ ማየት ለዓይን አይበጅምና ጠቅላላውን ሉህ ይቃኙ፤ ጆሮዎንም ይጠቀሙ። የኮምፕሬሰሩ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ አየር የለም ማለት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሌዘሩን የሚያቆመውን ማብሪያ በጭራሽ አሽገው አይሥሩ።

እሳቱ ቢነሣ

መጀመሪያ ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ ይምቱ። የት እንዳለ ሳያዩ እጅዎ እስኪያውቀው ድረስ ባዶ ማሽን ላይ ይለማመዱ፤ ረዳትዎም ይለማመድ። ብዙ ጊዜ ጨረሩ ሲቆም ነበልባሉ ራሱ ይጠፋል።

ካልጠፋ የአየር ፓምፑን ያጥፉ። አየሩ ነበልባሉ ትንሽ ሳለ ያጠፋዋል፤ እሳቱ ሲበረታ ግን ያው አየር ወናፍ ይሆናል። እሳቱ የሻማ ያህል ከሆነ፣ ኃይሉ ከብሬከሩ ከጠፋ በኋላ ክዳኑን ከፍተው እንጨት ወይም ወረቀት ላይ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ይርጩ፤ ወይም የመስታወት ክር የእሳት ብርድ ልብስ ጣል ያድርጉበት። እየነደደ ያለ አክሪሊክ በእጅ ወይም በጉጠት ይዘው ወደ ውጭ አይሩጡ፤ የሚንጠባጠበው ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ መንገድዎንም ያቃጥላል።

ከዚያ በላይ ከሆነ ክዳኑን እንደተዘጋ ይተዉት። ክዳን በከፈቱ ቁጥር አየር ይገባል። ብሬከሩን ይጣሉ፤ ጭስ መሳቢያውንም ያጥፉ፣ አለበለዚያ ነበልባሉን ወደ ቅጥራኑ ቱቦ ይስባል። ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርገው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያውን በነበልባሉ ሥር ላይ አነጣጥረው ከዳር እስከ ዳር ያስኪዱ። ባለ 2 ኪሎው አሥር ሰከንድ ገደማ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ያነጣጥሩ። ጋዙ የሚወጣበትን ቀንድ በእጅ አይያዙ፤ ውርጩ ቆዳ ያቃጥላል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ጋዙ ኦክስጅኑን ይቀንሳልና ጨርሰው ወዲያው ይውጡ።

ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው የዱቄት ማጥፊያ ነው። እሳቱን ያጠፋል፤ ዱቄቱ ግን ሐዲድ፣ ሌንስና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ውስጥ ገብቶ ማሽኑን ሊገድል ይችላል። ሁለቱ ከኖሩ መጀመሪያ ጋዙን፤ ዱቄቱ ብቻ ካለ ግን ሳያመነቱ ዱቄቱን ይጠቀሙ፣ ማሽን ከሕንፃ ይረክሳል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ እንደ ዱቄቱ የግፊት ሰዓት ብዙ ጊዜ የለውም፤ መሙላቱን የሚያውቁት በመመዘን ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ያስመዝኑት።

አንድ ማጥፊያ ካላጠፋው ሁለተኛ አይፈልጉ። ሁሉም ይውጣ፣ በሩን ይዝጉ፣ አዲስ አበባ ከሆኑ 939 ይደውሉ። ማሽኑን ለማዳን ጭሱ ውስጥ ተመልሶ መግባት የለም።

ሱቁን ሲዘጉ

ኤምዲኤፍን ቀደም ብዬ የተዳፈነ እሳት ብዬው ነበር። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ቀዝቅዞ፣ ውስጡ ግን ፍም ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቁርጥራጩን ወዲያው ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ አይጨምሩት። ክዳን ያለው የብረት በርሜል ያዘጋጁና እዚያ ይጣሉት፤ በርሜሉም ከግድግዳና ከክምችት ራቅ ብሎ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ። ትኩስ የወጡትን ቁራጮች ከመደራረብዎ በፊት ጥቂት ዘርግተው ያቆዩአቸው።

የዕለቱን የመጨረሻ ቁርጥ ከመዝጊያ ሰዓትዎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይጨርሱት። ያን ግማሽ ሰዓት ትሪውን በማራገፍ፣ ሌንሱን በመጥረግ፣ ሒሳብ በመሥራት ያሳልፉት። ከዚያ ውሃውን፣ ኮምፕሬሰሩንና ጭስ መሳቢያውን ያጥፉ፣ ብሬከሩን ይጣሉ። መቆለፊያውን ከማንሳትዎ በፊት መዳፍዎን በበርሜሉ ክዳን ላይ ያሳርፉ። ለብ ካለ ገና አይቆልፉም።